መብራቱ ወዴት ያያል?

በፍኖተ ሰላም ዋና አስፋልት ዳር በቆመ አይሱዙ ሥር አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በጀርባው ተንጋልሏል። ከውጭ የሚታዩት እግሮቹና አጠገባቸው የተበተኑት ዕቃዎች ናቸው፤ ፒንሳ፣ እጀታው በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ካቻቢቴ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴስተር። ሾፌሩ፣ ጠና ያለ ሰው፣ አንድ ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ ይጠብቃል። ካርቶኑ ውስጥ መዳፍ የማይሞሉ ሁለት ኤልኢዲ መብራቶች አሉ። ላዩ ላይ በደማቁ «300 ዋት» ተብሎ ታትሞበታል።

«ከጋቢናው አናት ላይ ነው የምታስርልኝ» አለ ሾፌሩ። «ሌሊቱን ቀን ያድርጉልኝ።»

ልጁ ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገና ካርቶኑን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ጋሼ፣ የሚያስቸግርዎት ጨለማው ነው ወይስ ጉሙ?»

«ሁለቱም ነዋ! ምን ልዩነት አለው? መብራት መብራት ነው።»

ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሾፌሮች ፓውዛ የሚሉት የሩቅ መብራትና የጉም መብራት ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ መልካቸውም ይቀራረባል። ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ፓውዛው ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ ይወረውራል፤ የጉም መብራቱ አስፍቶ መኪናው እግር ሥር ያነጥፋል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ጀምሮ እስከ ገጠር ከተማ የመለዋወጫ ሱቅ ድረስ ሁለቱም የሚሸጡት በዋት ቁጥር ነው። ወዴት እንደሚያበሩ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም።

ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ፍኖተ ሰላም ራሷ ጉም የሚበዛባት ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ላይ የተቀመጠች፣ ማንጎ የሚያፈራ ሞቅ ያለ አገር ናት። ጭንቁ ከእሷ ወዲህና ወዲያ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ በኩል ጅጋና ደንበጫ ከታለፉ በኋላ መንገዱ እስከ 2,400 ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ ደጀን፣ ቀጥሎም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው የዓባይ በረሃ አለ። ወደ ባሕር ዳር በኩል ደግሞ ማንኩሳና ቡሬ ከታለፉ በኋላ የጢሊሊ ዳገት ይጀምራል፤ ኮሶበር ላይ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። በርበሬና በቆሎ ጭኖ በክረምት ማለዳ ከቡሬ ወደ ኮሶበር የሚወጣ ሾፌር ከተማዋን በጠራ ሰማይ ለቆ ብዙም ሳይርቅ ጉም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ረጅሙን መብራት ይለኩሳል። ወዲያውም ነጭ ነጠላ ፊቱ ላይ እንደጋረዱበት ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉም መሬት ላይ ያረፈ ደመና ነው፤ ውስጡ በዓይን የማይለዩ የውሃ ጠብታዎች ተንሳፍፈዋል። የአንዷ ጠብታ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ብርሃን ጠብታዋን ሲመታ ከፊሉ ወደፊት ያልፋል፣ ከፊሉ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ከፊሉም ወደመጣበት ይመለሳል። ረጅም መብራት በሾፌሩ ዓይን ትይዩ ያሉትን ጠብታዎች ሁሉ ስለሚያበራ የሚመለሰው ብርሃን መንገዱን ይሸፍነዋል። ሌላ መቶ ዋት ቢጨመርበት የሚጨምረው ንጣቱ ነው።

ጋቢና አናት ላይ የታሰረ መብራት በጉም ጊዜ ከሁሉም የከፋ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የብርሃኑ ምንጭ ለዓይን በቀረበ ቁጥር ከጠብታ ተመልሶ ዓይን ውስጥ የሚገባው ይበዛል። መፍትሔው ምንጩን ከዓይን ማራቅ፣ ማለትም ወደ ታች ማውረድ ነው። እውነተኛ የጉም መብራት ከባምፐር ሥር የሚታሰረው ለውበት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 48 የፊት ጉም መብራት ከመሬት ከ25 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ በቤት መኪና ላይ ደግሞ ከ80 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ከቦታው እኩል የሚያስፈልገው የብርሃኑ ቅርጽ ነው። ወደ ጎን በጣም ሰፊ፣ ወደ ላይ ግን በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ጠርዝ ሊኖረው ይገባል፤ ከጠርዙ በላይ ጨለማ። ሾፌሩ የሚያየው የአስፋልቱን ጠርዝ፣ ነጩን መስመርና ቦዩን ነው። በጉም ውስጥ ከዚህ በላይ የሚፈልገው ነገርም የለም።

ፀሐይ ጥልቅ እንዳለች ልጁ ይህንኑ በተግባር አሳየ። አይሱዙው ከአንድ የሲሚንቶ ግድግዳ ፊት 10 ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። ልጁ ከሾፌሩ ካርቶን አንዱን ኤልኢዲ አወጣ፤ ከራሱ ሣጥን ደግሞ ከአሮጌ ቶዮታ የተፈታ ባለ 55 ዋት ሃሎጂን የጉም መብራት። አይሱዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተያይዞ 24 ቮልት የሚሆንለት መኪና ነው፤ የቶዮታው አምፖል በ24 ቮልት ቢበራ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ለሙከራው ያህል ከአንዱ ባትሪ ላይ ብቻ ወሰደ። (እንዲህ አድርጎ ለዘለቄታው ማሰር የሚወዱ አሉ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ሁልጊዜ እየደከመ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል።)

ኤልኢዲው ግድግዳው ላይ ጠርዝ የሌለው ትልቅ ነጭ ክብ ሳለ፤ ብርሃኑ ግድግዳውን አልፎ ከላይ ያለውን የቆርቆሮ ክዳንና የባሕር ዛፉን ቅጠል አበራ። ሾፌሩ በደስታ ሳቀ። ሃሎጂኑ ሲበራ ደብዘዝ ያለ፣ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ አግድም ሪባን ወጣ፤ ከሪባኑ በላይ ምንም የለም።

«ይኼ ነው እንዴ? ከኩራዝ በምን ይሻላል?» አለ ሾፌሩ።

«ጋሼ፣ ያኛው ዛፉን ነው የሚያሳይዎት። ዛፍ ላይ አይነዱ!»

ቀጥሎ ልጁ መብራቱን ባምፐሩ ሥር ያዘውና መሐሉን ከመሬት ለካ፤ 60 ሴንቲ ሜትር። ግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረ፤ ከእሱ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ሌላ። የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ታችኛው መስመር ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዝቅ አደረገው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በ10 ሜትር 15 ሴንቲ የሚወርድ ብርሃን ከ60 ሴንቲ ከፍታ ተነስቶ መሬት የሚነካው 40 ሜትር ላይ ነው። አርባ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ እስኪነቃና ፍሬን እስኪይዝ ያለው ሲቆጠር፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም 30 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በ80 ለሚነዳ ግን ከ80 ሜትር ያላነሰ ያስፈልገዋል። የጉም መብራት እንዲህ ተስተካክሎ ሲታሰር ፍጥነትም አብሮ ይወስናል፤ በ80 እየነዱ ጉም ውስጥ የሚያድን መብራት አልተሠራም።

የጭነት መኪና ሌላም ጣጣ አለው። ባዶውን የተስተካከለ መብራት ጭነት ሲያርፍበት ቀና ይላል፤ የኋላው ሲወርድ አፍንጫው ይነሳልና። የአንድ ዲግሪ ቀና ማለት በ10 ሜትር ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ያ ሁሉ የጠመኔ ልፋት አንድ ጭነት በቆሎ ይበላዋል። ብልህ ሾፌር መብራት የሚያስተካክለው ጭኖ ነው።

ስለ ቢጫ መብራት አንድ ነገር ልበል፤ በየጋራዡ ክርክር የሚያስነሳ ነውና። ቢጫ ብርሃን ጉም ይሰነጥቃል የሚለው እምነት የቆየ ነው። ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ የመኪኖቿን የፊት መብራት ሁሉ በሕግ ቢጫ አድርጋ ኖራለች። የጉም ጠብታ ግን ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ብዙ እጥፍ ስለሚተልቅ ነጩንም ቢጫውንም እኩል ነው የሚበትነው። የቢጫ ጥቅም ሌላ ነው፤ ዓይን የሚወጋው ሰማያዊው የብርሃን ክፍል ስለተቀነሰለት ረጅም ሰዓት ለሚነዳ ዓይን ይለሰልሳል። በአሁኑ ጊዜ ሰማያዊ ጨረር እያበዙ ለሚመጡት ርካሽ ኤልኢዲዎች ቢጫ ቢመረጥ እኔ አልቃወምም። ጠርዝ የሌለው ቢጫ መብራት ግን ያው ጠርዝ የሌለው መብራት ነው።

ወደ ሽቦው እንምጣ፤ መኪና የሚያቃጥለው እሱ ስለሆነ። የቤት መኪና ላይ የሚታሰሩ ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባሉ። ይህን ያህል ኤሌክትሪክ በመኪናው የቀድሞ የመብራት ሽቦና ዳሽቦርድ ላይ ባለ ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ማሳለፍ ማብሪያውን ማቅለጥ ነው። ስለዚህ ሪሌ ይገባል። ሪሌው ላይ 30፣ 85፣ 86 እና 87 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ አድርጎ ይመጣል፤ 87 ወደ መብራቶቹ ይሄዳል፤ 85 እና 86 ደግሞ ቀጭኑ የማብሪያ ሽቦና የሻንሲው ናቸው። ማብሪያው የሚያዘው ሪሌውን ብቻ ነው፤ ከባዱን የሚሸከመው ሪሌው ነው። ፊውዙ ለእንዲህ ያለ ጭነት 15 አምፔር ይበቃዋል፤ ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት። ከመብራቱ አጠገብ የገባ ፊውዝ መሐል ላይ ሽቦው ተልጦ ሻንሲ ቢነካ ምንም አያድንም። በፊውዝ ቦታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባትን የመሰለ ድፍረት ደግሞ አላየሁም፤ የሚያደርጉት ግን አሉ።

የሽቦው ውፍረትም እንዲሁ። ቀጭን ሽቦ በመንገድ ላይ ቮልት ይበላል፤ ለሃሎጂን አምፖል የሚደርሰው ቮልት አንድ አሥረኛ ቢቀንስ የሚሰጠው ብርሃን በሦስት አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። በየመንገዱ «መብራቴ ደከመ፣ ትልቅ ቀይሩልኝ» የሚሉ ብዙዎች መቀየር የሚገባቸው የዛገውን የሻንሲ ማያያዣ ነው። አሸዋ ወረቀት፣ አዲስ ቡሎን፣ ትንሽ ቅባት። የጎጃም ክረምት ጭቃ ያንን ማያያዣ በየዓመቱ ይበላዋል።

የካርቶኑ «300 ዋት»ስ? እውነት ቢሆን 24 ቮልት ላይ ከ12 አምፔር በላይ ይስብ ነበር፤ ያ የሚፈጥረው ሙቀትም መዳፍ በማያህል አሉሚኒየም ሊወጣ አይችልም። ልጁ ቴስተሩን አስገብቶ ለካው። ቁጥሩ ከተጻፈው ጋር የሚገናኝ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስል ፓውዛን እየነቀፍኩ አይደለም። ጥርት ባለ ጨለማ፣ ቀጥ ባለና ሰው በሌለበት መንገድ ጥሩ ፓውዛ በሬ ወይም የቆመ መኪናን ቀድሞ ያሳያል። ግን ሥርዓት አለው። ከረጅሙ መብራት ጋር ተያይዞ፣ ረጅሙ ሲጠፋ አብሮ መጥፋት አለበት። ማብሪያው ለብቻው የሆነ ፓውዛ ሾፌሩ ረስቶት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ቅድም ያነሳሁት ደንብ ቁጥር 48 በአንድ ጊዜ የሚበሩ ረጅም መብራቶች ሁሉ ድምር ከ430,000 ካንዴላ እንዳይበልጥ ይገድባል። በደንቡ መሠረት የተሠራ መብራት መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን «ኢ» ፊደልና የፈቀደው አገር ቁጥር አለበት፤ 1 ጀርመን ነው፣ 2 ፈረንሳይ። ዕቃ ሲገዙ ካርቶኑን ትቶ መስታወቱን ማንበብ ይሻላል።

በብዛት የሚበድለው ግን ተጨማሪ መብራት ብቻ አይደለም። በዋናው ፋና ውስጥ ሃሎጂን አውጥቶ ኤልኢዲ መሰካት አሁን የባጃጁም የአባዱላውም ፋሽን ነው። የፋናው አንጸባራቂ የተቀረጸው ለሃሎጂኗ ቀጭን ክር ነው፤ ክሯ ያለችበት ቦታ በሚሊ ሜትር የታወቀ ነው። የኤልኢዲው የብርሃን ምንጭ ከዚያ ቦታ ትንሽ ካፈነገጠ አጭሩ መብራት ራሱ ወደ ላይ ይረጫል። ሌላው መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ነው። በግራ መንገድ ለሚነዳ አገር የተሠራ ፋና አጭሩን መብራት በግራ በኩል ከፍ ያደርገዋል፤ የእግረኛውን ዳር እንዲያሳይ። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ በግራ በኩል ያለው እግረኛ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ነው። መሪው ተዛውሮ ፋናው ካልተቀየረ መኪናው ዕድሜውን ሁሉ የሰው ዓይን ሲወጋ ይኖራል። ለጉም መብራት ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ለዚህ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ሕጉ አጭር ነው። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ፊት ለፊት ተሽከርካሪ ሲመጣ መብራት ዝቅ እንዲደረግ ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ደግሞ ተሽከርካሪ ሁሉ በየጊዜው እንዲመረመር። ቦሎ የለጠፈ ሁሉ መብራቱ ተስተካክሏል ማለት እንዳልሆነ በዚህ መስመር አንድ ሌሊት የነዳ ያውቃል።

መንገዱ ደግሞ የመኪና ብቻ አይደለም። ከቡሬ እስከ ደንበጫ አስፋልቱን ጋሪው፣ ባጃጁ፣ አህያ የሚነዳው ገበሬ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ለገበያ የምትገሰግሰው እናት ይካፈሉታል። የተወጋ ዓይን እስኪመለስ ጥቂት ሰከንዶች ይፈጃል፤ በሰዓት 80 የሚነዳ ሾፌር በእያንዳንዱ ሰከንድ 22 ሜትር በጭፍን ያልፋል። ሌላውን ሾፌር ያሳወረ ፓውዛ ጉዳቱ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በሦስተኛ ሰው ላይ ነው፤ ዳር ይዛ በምትሄደው እናት ላይ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚህ መስመር የሌሊት ጉዞ በእጅጉ ቀንሷል፤ መንገዱ ጭርሱን የሚዘጋበት ጊዜም አለ። መንገድ ሲከፈት መኪና የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ይህ ደግሞ በክረምት የጉም ሰዓት ነው። እንዲያም ሆኖ ሱቁ ውስጥ ከፊት ተሰልፈው የሚታዩት ሌሊቱን ቀን እናደርጋለን የሚሉት ረጃጅሞቹ የኤልኢዲ ዘንጎች ናቸው። የአይሱዙው ሾፌር ካርቶኑን ወደ ጋቢናው መለሰና ባለ 24 ቮልት፣ ጠርዝ ያለው የጉም መብራት የሚገኝ ከሆነ ልጁ እንዲያፈላልግለት ነገረው። «ግን ቢጫ ይሁን» አለ።

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር ቀረ፤ የኋላው። በጉም ውስጥ ወደፊት ማየት ብቻ አይበቃም፣ ከኋላ መታየትም ያስፈልጋል። ዳገት ላይ የተበላሸ የጭነት መኪና በዚህ አገር ማስጠንቀቂያው የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። በጠራ ቀን ቅርንጫፉ ከሩቅ ይታያል። የጢሊሊ ጉም ውስጥ ግን መኪናውም ቅርንጫፉም እኩል አይታዩም፤ የኋላ መብራቱ በጭቃ ተለብዶ ከሆነ ደግሞ የሚንቀሳቀሰውም መኪና ከቆመው አይለይም። የኋላ ጉም መብራት የሚባል ቀይ መብራት ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከተለመደው የኋላ መብራት ብዙ እጥፍ የሚደምቅ፣ ጉም ሲገፈፍ የሚጠፋ። ለእሱ የሚያስፈልገው ባለ 21 ዋት አምፖል፣ ቀይ መስታወት፣ የራሱ ማብሪያና እስከ ኋላ የሚደርስ ሽቦ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጣሳ ውሃና ጨርቅ።